የኋላ ፎርኬላ በግማሽ ቀን ተቀይሮ ጭነት አይጫንበትም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ አሮጌ ሞተር ሳይክል የኋላ ፎርኬላ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩ። እዚህ ጅማ ያሉ ሞተረኛ ልጆችም «እውነት ነው ወይ?» እያሉ አሳይተውኛል። ጸሐፊው የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ፎርኬላችሁ ካለቀ ኦርጂናል ፍለጋ አትንከራተቱ። ከሌላ ሞተር የወጣ ይሆናል፣ በያጅ የቀጠለውም ይሆናል። ፔርኖው፣ ፎርኬላውን የሚይዘው ረጅም ብሎን፣ ካለፈ ገጥሟል ማለት ነው። ክፍተት ከቀረ በሮንዴላ ሙሉት። ረዘም ካለ እሰየው፣ ጭነት ይችላል። ባለ አንድ ሾክ ወይም አሉሚኒየም ካገኛችሁማ አትለፉት። ካቴናውን ቀጥሉ፣ በግማሽ ቀን ያልቃል፣ ከሰዓት መጫን ትችላላችሁ።

ኦርጂናል ፍለጋ አትንከራተቱ በሚለው እስማማለሁ። የቀረውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የኋላ ፎርኬላ፣ ስዊንግ አርም የሚሉትም አሉ፣ የኋላውን ጎማ ከቴላዮው፣ ከሞተሩ አጽም፣ ጋር ይዞ ከፍ ዝቅ የሚል ክንድ ነው። ጎማውን መስመሩ ላይ የሚያቆየው እሱ ብቻ ነው። እሱ ከተጣመመ ሞተሩ ቀጥ ብሎ አይሄድም። በጭነት ላይ ቁልቁለት እየወረዳችሁ ከተሰበረ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልገኝም።

የምስማማበትን ላስቀድም። ጅማና ዙሪያዋ ዛሬም ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጡ የያማሃ ዲቲና የሆንዳ ኤክስኤል ሞተሮች ይሠራሉ። ኢንጂናቸው ገና ደህና ሆኖ ፎርኬላቸው በዝገት የተበላ፣ ቦኮላቸው፣ ክንዱ የሚዞርበት ቀለበት፣ ያለቀ ብዙ ናቸው። ኦርጂናሉን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ወርዶም ላታገኙት ትችላላችሁ። ብታገኙም ያገለገለ ነው፣ ምናልባት ከእናንተው የባሰ። ስለዚህ የሌላ ሞተር ፎርኬላ መግጠም ወይም ማሠራት ነውር የለውም። እኔም የምደግፈው ሥራ ነው። ጠቡ አሠራሩ ላይ ነው።

«ፔርኖው ካለፈ ገጥሟል» የሚለው የጽሑፉ ምሰሶ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆየት ልበል።

ፔርኖው ከቴላዮው ግራ ገብቶ በቀኝ የሚወጣ ረጅም ብሎን ነው። ፎርኬላው ግን በቀጥታ በፔርኖው ላይ አይዞርም። ፔርኖው የሚያልፈው በአንድ የብረት ቱቦ ውስጥ ነው። በቱቦውና በፎርኬላው አንገት፣ ማለትም ከቴላዮው ጋር በሚያያዘው የፊት ጫፉ፣ መካከል ደግሞ ቦኮላ አለ። ቦኮላው እንደ ሞተሩ ዓይነት ነሐስ፣ ፕላስቲክ፣ ጎማ ወይም የመርፌ ኩሽኔታ ይሆናል። የነሐስ ወይም የመርፌ ኩሽኔታ ያለውን እንውሰድ። ዳዶውን ስታጠብቁ ቴላዮው ጨምቆ መያዝ ያለበት የውስጡን ቱቦ እንጂ ፎርኬላውን አይደለም። ለዚህም ቱቦው ከፎርኬላው አንገት በጣም በትንሹ፣ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ መርዘም አለበት። ያኔ ዳዶው ጥርቅም ብሎ ጠብቆም ፎርኬላው እንደ ልቡ ከፍ ዝቅ ይላል። ቱቦው ካጠረ ፎርኬላው ይታነቃል። «እንዳይታነቅ» ብላችሁ ዳዶውን ካላላችሁት ደግሞ ክንዱ ግራና ቀኝ ይዋልላል።

እንግዲህ የሚለካው ብዙ ነው። የፔርኖው ውፍረት አለ። በቴላዮው ሁለት ጉንጮች መካከል ያለው ስፋት አለ። የፎርኬላው አንገት ወርድ፣ የቱቦው ርዝመት፣ የቦኮላው የውስጥና የውጭ ስፋት አለ። ይህ ሁሉ በቨርኒየር ካሊፐር እንጂ በዓይን አይለካም። ለምሳሌ ፔርኖው 14 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳው 15 ቢሆን ጥሩ አድርጎ ያልፋል። በእጅ ስታነቃንቁት ያን ያህል አይሰማም። አሁን ጎማው ጋ እንሂድ። ሁለቱ ቦኮላዎች በ20 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው፣ ጎማው ደግሞ ከነሱ 50 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢሆን፣ አንገቱ ላይ ያለች 1 ሚሊ ሜትር ልቅነት ጎማው ጋ ስትደርስ 2.5 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ኩርባ ላይ ሞተሩ ከኋላ የሚዋኝ የሚመስላችሁ ከዚህ ነው። ሰው ግን ጎማውን ይረግማል፣ ሾኩን ይቀይራል።

መርካቶ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ከአሮጌ ዲቲ የወጣ ፔርኖ እጄ ላይ ይዤ አይቻለሁ። መሐሉ አዲስ ይመስላል። የአንገቱ ጫፎች የሚያርፉበት ሁለቱ ቦታ ላይ ግን ጥፍር የሚያቆም ደረጃ ሠርቷል። ቱቦው ውስጥ የግሪስ ዘር የለም። የነበረው ደርቆ ጡብ የሆነ ቀይ ጭቃ ነው፣ በጠፍጣፋ መፍቻ ተፈልፍሎ ነው የወጣው። ረዳቱ ልጅ ሌላውን ፎርኬላ በዚያው ፔርኖ ሊያስገባ ሲል ዋናው መካኒክ አስቆመው። ልጁ «ጋሼ፣ ያልፋል እኮ» አለ። መካኒኩም «ያለቀ ፔርኖ ምን የማያልፍበት አለ፣ ልጄ? ወደ ቶርኖ ቤት ውሰደው» አለው። ጸሐፊው ከዚህ መካኒክ ጋር ቢቀመጥ ደስ ይለኝ ነበር።

የሮንዴላው ምክር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሮንዴላ ከብሎን ራስ ሥር ለመቀመጥ የተሠራ ስስ ብረት ነው። ሦስት አራቱን ደራርባችሁ የሚንቀሳቀስ ክንድ ጎን ስታስገቡ በየመካከላቸው ውሃና ጭቃ ይገባል። እርስ በርስ ይፋጫሉ፣ ይሳሳሉ፣ የሞላችሁት ክፍተት ተመልሶ ይመጣል። ሁሉንም በአንድ ወገን ከደረደራችሁት ደግሞ ጎማው ከመሐል ይወጣል። ጅማ ብረት በልክ የሚቀርጽ ቶርኖ ቤት አልጠፋም። በልኩ የተቀረጸ አንድ ቀለበት በግራ፣ አንድ በቀኝ፣ ሁለት የነሐስ ቦኮላ፣ አንድ ደህና የብረት ቱቦ አሠሩ። እግረ መንገዳችሁን አንገቱ ላይ የግሪስ ማስገቢያ ኒፕል አስገጥሙ። የክረምት ጭቃ እዚህ አገር ወራት ይቆያል፣ ግሪስ የማይደርስበት ቦኮላ አይከርምም።

ጎማው መሐል መሆኑን የምታውቁት በሲባጎ ነው። ከኋላ ጎማው በስተኋላ አስራችሁ በሁለቱም ጎን እስከ ፊት ጎማው ድረስ ወጥራችሁ ዘርጉት። የፊት ጎማው ቀጭን ስለሆነ ሲባጎው አይነካውም፣ ግን በግራም በቀኝም ያለው ርቀት እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ ክንዱ ወይም ቀለበቱ ተሳስቷል።

«ረዘም ካለ ጭነት ይችላል» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ጆንያ ከኋላ ጭኖ የዴዶን ዳገት የወጣ ሰው የፊት ጎማው እንዴት እንደሚቀል ያውቃል። የኋላው ጎማ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሲሄድ ፊቱ ይረጋጋል። በአጋሮ አስፋልት ላይ ቀጥ ብሎ መሄዱም ይሻሻላል። በሌላ በኩል በቡናው መሐል ባሉት ጠባብ መንገዶች መታጠፍ ያስቸግራል፣ ያ ግን የምርጫ ጉዳይ ነው። ጭነት መቻል ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ነው።

በቁጥር እንየው። ከአንገቱ እስከ ሾኩ ማሰሪያ 40 ሴንቲ ሜትር፣ እስከ ጎማው ፔርኖ 48 ሴንቲ ሜትር ነበር እንበል። ሾኩ 1 ሴንቲ ሜትር ሲጨመቅ ጎማው 1.2 ይነሳል ማለት ነው። ሾኩን ሳትነኩ ክንዱን ወደ 54 ስታስረዝሙት 1.2 የነበረው 1.35 ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሞላው ጎማው ላይ ያለው ጉልበት የሚከፈለው ለዚህ ቁጥር ሳይሆን ቁጥሩ በራሱ ተባዝቶ ለሚመጣው ነው። 1.2 በራሱ ሲባዛ 1.44 ነው፣ 1.35 በራሱ ሲባዛ ደግሞ 1.82። ያው ሞላ፣ ያው ሾክ፣ ጎማው ጋ ሲደርስ 21 በመቶ ያህል ለስልሷል። ጭነት ይችላል የተባለው ሞተር በዚያው 60 ኪሎ የቡና ጆንያ ከበፊቱ ቀድሞ ይቀመጣል፣ ጉድጓድ ላይም ቶሎ ይመታል።

ሌላም አለ። ጎማው ወደ ላይ ሲገፋ ክንዱ የሚታጠፈው ሾኩ ከታሰረበት ቦታ ላይ ነው። ከዚያ እስከ ጎማው ድሮ 8 ሴንቲ ሜትር ነበር፣ አሁን 14 ሆነ። በተመሳሳይ ጭነት ክንዱን የሚያጥፈው ኃይል በ75 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። ለ8 ሴንቲ ሜትር ታስቦ የተመረጠ ስስ ቱቦ ይህን እንዲሸከም ማን ነገረው?

ኋላው ሲወርድ ደግሞ ፊቱ ወደ ላይ ያቀናል። በእንዲህ ያሉ ሞተሮች ላይ ኋላው 2.5 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ የፊት ሹካው ወደ 1 ዲግሪ ያህል ይጋደማል። መሪው ይከብዳል፣ ለመታጠፍ ይለግማል።

ማስረዘም የፈለገ የሾኩን ማሰሪያም አብሮ ወደ ኋላ ይውሰድ። በምሳሌያችን 45 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢታሰር ቁጥሩ ወደ 1.2 ይመለሳል። ግን የላይኛው ማሰሪያ ባለበት ስለሚቆይ ሾኩ ይበልጥ ይጋደማል፣ መጋደሙ ራሱ ትንሽ ያለሰልሰዋል። ስለዚህ ጠንከር ያለ ሞላ መፈለግ አይቀርም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለጭነት ሞተር ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር በላይ አታስረዝሙ።

ባለ ሁለት ሾኩን ሞተር ወደ ባለ አንድ ሾክ ለውጡ የሚለውን ምክር ጸሐፊው በሁለት መስመር ነው ያለፈው። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህኛው ነው። አንዱ ሾክ ብዙ ጊዜ የሚታሰረው አንገቱ አጠገብ ነው። ስለዚህ 1.2 የነበረው ቁጥር 2.5 ሊደርስ ይችላል። ጎማው ላይ 100 ኪሎ ሲያርፍ ሾኩ ቴላዮውን በ250 ኪሎ ይገፋል ማለት ነው፣ ያውም በአንድ ነጥብ ላይ። በባለ ሁለት ሾኩ ግን ያው 100 ኪሎ 120 ይሆንና በግራና ቀኝ ለሁለት ይካፈላል፣ 60 60። የአሮጌው ሞተር ቴላዮ የተሠራው ለ60ው ነው። ከመቀመጫው ሥር ያለው ስስ ቱቦ ላይ ቁራጭ ላሜራ በይዳችሁ 250 ኪሎ ስታሳርፉበት ምን እንዲሆን ትጠብቃላችሁ? ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1973 የቤልጅየሙን መሐንዲስ የሉሲየን ቲልከንስን ባለ አንድ ሾክ አሠራር ለሞቶክሮስ ውድድር ሲያወጣ ክንዱን ብቻ አልቀየረም። ሾኩ በታንከሩ ሥር ወደ ፊት ተዘርግቶ የቴላዮው ጀርባ ላይ እንዲደገፍ ነው የተደረገው። በዚያ ዓመት የያማሃው ተወዳዳሪ ሃካን አንደርሰን በ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ለሾኩ ተብሎ በተሠራ ቴላዮ ነው። የላይኛውን ማሰሪያ በትክክል የሚሠራላችሁ ሰው ከሌለ በሁለት ሾካችሁ ቆዩ።

ወደ ብየዳው ልምጣ። «ጎበዝ በያጅ የሠራው ከፋብሪካ ይበልጣል» ይላል ጽሑፉ። የጅማን በያጆች አከብራለሁ፣ በርና መስኮት፣ የባጃጅ ጣሪያ፣ የጋሪ አካል ሲሠሩ እጃቸው ይመሰከርለታል። ግን በር በቀን ሺህ ጊዜ አይታጠፍም። ፎርኬላ ይታጠፋል። ብረት ዛሬ በአንድ ጊዜ ጭነት ባይሰበርም በተደጋጋሚ መታጠፍ ይደክማል፣ ስንጥቁም የሚጀምረው ብየዳው ጠርዝ ላይ ነው። በጣም መጥፎው አቀጣጠል ደግሞ ብዙ ቦታ የማየው ነው። ቱቦውን ቀጥ አድርጎ መቁረጥ፣ ቁራጭ መሐል ማስገባት፣ ዙሪያውን መበየድ፣ ከዚያ በግራይንደር አለስልሶ ቀለም መቀባት። ሲታይ ያምራል። ግን ብየዳው ውስጥ ድረስ መግባቱን የሚያሳየው ምልክት በግራይንደሩ ጠፍቷል፣ ያ ሁሉ ኃይልም በአንዲት ቀለበት መስመር ላይ ያርፋል። አንዳንዱ ደግሞ ማጠናከሪያ ብሎ ፌሮ ይለጥፋል። ፌሮ ለኮንክሪት ነው። የብየዳ ባሕርይው ከዘንግ ዘንግ ይለያያል።

ማስቀጠል ግድ ከሆነ በውስጥ በኩል ልክክ ብሎ የሚገባ ቱቦ ይኑር። መቁረጫው ሰያፍ ይሁን። በጎንና በጎን ጫፉ እንደ ዓሣ አፍ የተከፈተ ላሜራ ይደረብ። የክንዱ የላይና የታች ጠርዝ ላይ ክንዱን አቋርጦ የተሰመረ ብየዳ አይኑር፣ ትልቁ ውጥረት ያለው እዚያ ነውና። አንገቱ አጠገብ እሳት በበዛ ቁጥር የቦኮላው ቀዳዳ ሞላላ ይሆናል፣ ስለዚህ ከተበየደ በኋላ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስተካከል ግድ ነው። በያጁ ክንዱን መሬት ላይ አጋድሞ እንዲሠራ አትፍቀዱለት። ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች አንዱን በአንገቱ፣ አንዱን በጎማው ፔርኖ ቦታ ያስገባ። በነጥብ በነጥብ ይያዝና ሁለቱ ዘንጎች ከላይም ከጎንም ሲታዩ ትይዩ መሆናቸው ይለካ። ከዚያ ትንሽ በግራ፣ ትንሽ በቀኝ እያለ ይበይድ። ቸኩሎ ውሃ እንዳያፈስበት፣ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ።

አሉሚኒየምን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሳይነካ እንዳለ የሚገጥም ካገኛችሁ ጥሩ ነው፣ ይቀላል። ልትቀጥሉት ካሰባችሁ ግን ተዉት። ፎርኬላ የሚሠራበት ዓይነት አሉሚኒየም ጥንካሬውን የሚያገኘው በሙቀት ሕክምና ነው። 6061 የሚባለውን ብንወስድ ብየዳ ሲነካው በዙሪያው ያለው ብረት ጥንካሬውን በግማሽ ገደማ ያጣል። በተራ የኤሌክትሮድ ብየዳማ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ካቴናውን «ከሌላ አሮጌ ካቴና ቁራጭ ወስዳችሁ ቀጥሉ» ተብሏል። 428 የሚባለው ካቴና ከአንዱ ፒን እስከ ሌላው 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ጎማው 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሲሄድ ላይና ታች 12 ሴንቲ ሜትር ይጨመራል፣ በቁጥር ወደ 10 አይን ማለት ነው። የተለጠጠውንና ያልተለጠጠውን ከቀጠላችሁ አንዱ ክፍል ጥርሱ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው ይጋልባል። ሙሉ አዲስ ካቴና ግዙ። ያማሃ ኤጂ 100 ያላችሁ ደግሞ አስቡበት፣ የሌላ ፎርኬላ ስታስገቡ ካቴናውን ሙሉ የሚሸፍነው ሳጥን ይቀራል። ለጅማ ጭቃ እንደዚያ ሽፋን ያለ ነገር የለም።

ጽሑፉ ያላነሳው የካቴናው ልቅነት ነው። የፊት ጥርሱ፣ የአንገቱ ፔርኖና የጎማው ፔርኖ በአንድ መስመር ላይ ሲውሉ ካቴናው ከሁሉም በላይ ይወጠራል። የሌላ ሞተር ክንድ ሲገባ ይህ ቦታ የት እንደሆነ አታውቁም። ስለዚህ ሾኩን ፍቱት፣ ጎማውን በእጅ እያነሳችሁ ሦስቱ ነጥቦች መስመር ላይ ሲሆኑ አቁሙት፣ እዚያ ላይ ካቴናው ትንሽ ልል መሆኑን እዩ። ባዶውን ቆሞ ወጥራችሁት ከሆነ ጆንያው ሲጫን የሚጎተተው የማርሽ ሳጥኑ ኩሽኔታ ነው።

ጽሑፉ አንዲት ቃል ሳይል ያለፈው ሌላው ፍሬን ነው። ከበሮ ፍሬን ባለው ሞተር ላይ ጫማዎቹን የያዘው ሳህን ከጎማው ጋር እንዳይዞር የሚይዘው ከፎርኬላው ጋር የታሰረ አንድ ዘንግ ነው። የሌላ ሞተር ፎርኬላ ላይ ይህ ማሰሪያ ሌላ ቦታ ይሆናል፣ ወይም ጭራሽ አይኖርም። ዘንጉ በሽቦ ወይም በደካማ ብሎን ከታሰረ ፍሬን ስትይዙ ሳህኑ አብሮ ይዞራል፣ የፍሬኑን ዘንግ ይበጥሳል፣ ጎማውን ይቆልፈዋል። ከሰቃ ስትመለሱ ዝናብ ላይ ይህ ቢደርስባችሁ አስቡት። ማሰሪያው ከክንዱ ጋር በሚገባ የተበየደ፣ ብሎኑ በደህና ዳዶና ጫፉ በሚታጠፍ ፒን የተያዘ መሆን አለበት።

«በግማሽ ቀን ያልቃል፣ ከሰዓት ጫኑበት» የሚለው ቀርቶኛል። ቶርኖ ቤቱ ብቻውን ግማሽ ቀን ይወስዳል። ሁሉም አልቆ ሲገጠም መጀመሪያ ባዶውን፣ ከተማ ውስጥ፣ በዝግታ ይነዳ። ተመልሶ በስታንድ ይቁምና የጎማው ፔርኖ ጋ ያለው ጫፍ በሁለት እጅ ተይዞ ግራና ቀኝ ይነቅነቅ። ቀጭ የሚል ካለ ይፈታ። ዳዶዎቹ እንደገና ይጥበቁ፣ የሲባጎው ልኬት ይደገም። ቀጥሎ በግማሽ ጭነት አንድ ሁለት ቀን ይሠራበት። ከዚያ ብየዳው ያለበት ቦታ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ነጭ ጋዝ ይቀባ። ጥቂት ቆይቶ በጨርቅ ጥርግ ተደርጎ ጠመኔ ይታሸበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ጋዝ ወደ ጠመኔው ይወጣና ጥቁር መስመር ይሠራል። መስመር ካላያችሁ ሙሉ ጆንያ መጫን ትችላላችሁ፣ የጠመኔውን ምርመራ ግን ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር ድገሙት።